የድኝ ተራራው ውል

ወርቅ የሚታጠብበት ወንዝ የነበረው አንድ ንጉሥ፣ ጠመንጃ ሞልቶት ባሩድ ሊያልቅበት ደረሰ። ባሩድ ያለ ድኝ አይሠራም፤ ድኙ ደግሞ ያለው በጎረቤት አገር፣ በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጉሡ በቀረችው ባሩድ ሰማንያ ጠመንጃ አስጎርሶ ፊታውራሪ ደምሰውን ለወዳጅነት ላከው።

የተራራው ባላባት እንግዳውን ግብር አግብቶ ተቀበለ። ፊታውራሪው ገና ከመቀመጡ ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ ተራራው ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት የንጉሡ ይሆናል፣ ንጉሡም በምላሹ አገሩን ከጠላት ይጠብቃል።

«ከማር የጣፈጠ ውል ነው። ዛሬውኑ ማኅተምዎን ያሳርፉበት» አለ።

ባላባቱ በሩ ላይ የተኮለኮሉትን ጠመንጃዎች አየና ሳይወድ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ።

በዚህ መሐል ጠጅ የምትቀዳው ሴት ለፊታውራሪው ብርሌ አቀረበች። እሱ ግን እጁን ሰበሰበ።

«ቅመሺ እንጂ! ያቀረበው ሰው ቀድሞ ሳይቀምስ እኔ በሰው አገር አልጠጣም» ብሎ ተቆጣ።

ሴትዮዋ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርሌውን ሰጠችው።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ» አለች። «ይህን ውል ያቀረቡት ንጉሥዎ ናቸውና ቀድመው እሳቸው ይቅመሱልን። የወርቅ ወንዛቸውን በዚሁ ቃል ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት ለእኛ ይስጡን፤ እኛም ከጠላት እንጠብቃቸዋለን። በመቶኛው ዓመት ደኅና ሆነው ካየናቸው፣ እኛም እንጠጣለን።»