ዳኛው ቀና እስኪል

አንድ ጊዜ አንበሳ በነገሠበት ሸለቆ ውስጥ፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ በየዓመቱ የአረማመድ ውድድር ይደረግ ነበር። ውድድሩ የሩጫ አልነበረም። አንዱ እንስሳ ሌላውን በጀርባው ተሸክሞ ዙሪያውን በድንጋይ ወደተከለለ ሜዳ ይገባል፤ ለዳኛው እጅ ይነሳል፤ ከዚያም በቀስታ ይራመዳል፣ በሶምሶማ ይሄዳል፣ ይዞራል፣ የኋሊት ይመለሳል። ጋላቢውና ተሸካሚው እንደ አንድ አካል ሆነው ከታዩ ዳኛው «አልፋችኋል» ይላቸዋል። ያለፉት በጋውን ሙሉ አንበሳው በሚያስጠብቀው ለምለም መስክ ይሰነብታሉ። ያላለፉት ግን ጅብ በሚያንዣብብበት ደረቅ ዳገት ላይ ይከርማሉ።

እመት ጦጢት የምትጋልባት አህያ ስሟ ዳለቻ ይባላል። ባለፈው በጋ የዳለቻን እህት በዚያ ዳገት ላይ ጅብ በልቷታል። ስለዚህ ሁለቱ ወደ ውድድሩ ሲመጡ ለጨዋታ አልነበረም፤ ነፍሳቸውን ሊያተርፉ ነው።

የዚያን ዓመት ዳኛ አያ ጅቦ ነበር። አንበሳው የሾመው ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሰማ ነው። ስለ አረማመድ ምን እንደሚያውቅ ማንም አልጠየቀውም።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ዳለቻ የጅቡን ሽታ ስታሸት ወደ ኋላ ማለት ጀመረች፤ ጦጢት ግን አንገቷን በእጇ ዳበስ ስታደርግላት ተረጋጋች። ሶምሶማቸው የተስተካከለ፣ አዟዟራቸውም የሰከነ ነበር። ሲጨርሱ ጅቡ ዓይኑን ከዳለቻ ጭን ላይ ሳያነሳ ምራቁን ዋጠ።

«ጆሮዋ ረጅም ነው» አለ።

ጦጢት የቀረውን ለመስማት ጠበቀች።

«አንቺም ብትሆኚ ጀርባዋ ላይ የተለጠፍሽው እንደ መዥገር ነው። አላለፋችሁም።»

ይህን ብሎ ጅቡ ሳቀ። ዳር ላይ የቆሙትም ሳቁ፤ ነገሩ አስቋቸው ሳይሆን ዳኛው ስለሳቀ ነው።

«ጌታ ዳኛ፣ ስለ እርምጃችን ቢነግሩን» አለች ጦጢት። «የቱ ጋ እንደተሳሳትን ካወቅን እናርመዋለን።»

«ዳኛ ይጠየቃል እንዴ? ውጪልኝ ከዚህ።»

ቀጥላ እመት ቀበሮ በከርከሮ ላይ ተቀምጣ ገባች። ከርከሮው መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ሥር መቆፈር ጀመረ፤ ዙር ሲባል ድንጋዩን አልፎ ወጣ፤ የኋሊት ሲባል ተኛ። ጅቡ ግን «መራመድ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሳለፋቸው። ጠዋት ቀበሮ የፍየል ቅልጥም ይዛ ወደ ጅቡ ዋሻ ስትገባ ያያት ቁራ ብቻ ነበር። ቁራውም ትንሽ ስለደረሰው አፉን ዘጋ።

ጦጢት ወደ አንበሳው ሄዳ አቤት አለች። አንበሳው ስለ አረማመድ ብዙም ደንታ አልነበረውም። «ዳኛ የፈረደውን እኔ አላፈርስም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በጋው ክፉ ሆነ። ዳለቻ የደረቀ ሣር እየነጨች፣ ጦጢትም ግራር ላይ ወጥታ ዙሪያውን እየቃኘች ከረሙ። ጅብ ብቅ ሲል ጦጢት ታፏጫለች፤ ዳለቻም ጥላው ሳይደርስባት ወደ ገደሉ አፋፍ ትሸሻለች።

«ከእንግዲህ ወደዚያ ሜዳ አልመለስም» አለች ዳለቻ አንድ ቀን። «ሊበላኝ በሚፈልግ ፊት ምን ብዬ ነው አምሬ የምራመደው?»

ጦጢት ከዛፉ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «አልፈርድብሽም» አለቻት። «እኔም መዥገር ያለኝ ዕለት እህል አልቀመስኩም። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ጅቡ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ እዚያ ዙሩ ላይ ሳለን፣ ምን ተሰማሽ?»

ዳለቻ የምትነጨውን ሣር ተወችው። «ደስ ብሎኝ ነበር። የተሸከምኩሽም አልመሰለኝም።»

«እኔም እግርሽ የራሴ እግር መስሎኝ ነበር። ያንን ጅቡ አልሰጠንም፤ ስለዚህ ሊነጥቀንም አይችልም።»

«ሣሩን ግን ነጥቆናል።»

«እውነትሽን ነው። ለዚህ ነው የምንመለሰው። አይቶን ከጣለን ሌላ ዓመት እንሞክራለን። ሳያየን ግን አንዲት እርምጃ አንነቃነቅለትም።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ወደደረቀበት አሸዋ እየወረዱ ይለማመዱ ጀመር። አሸዋው ላይ የቀረውን ኮቴ ጦጢት እየዞረች ታየዋለች፤ የተጣመመ ካለ እንደገና ይሄዱታል። አንዳንድ ቀን ዳለቻ ርሃብ አድክሟት ትተኛለች። ጦጢት አትጎተጉታትም፤ ሄዳ ቅጠል ቆርጣ ታመጣላታለች። ዳለቻም ስትበላ ቆይታ ራሷ ትነሳና «በይ፣ ጀርባዬ ላይ ውጪ» ትላታለች።

ዓመቱ ዞሮ ውድድሩ ደረሰ። ቀበሮ ዘንድሮ ሙሉ የፍየል ታፋ ይዛ ጅቡ ዘንድ ቀደመች።

«ጌታ ዳኛ፣ ይህን ሁሉ እንስሳ እያዩ ለምን ይደክማሉ?» አለችው። «እርስዎ ታፋዎን ይጋጡ። አንዱ ሄዶ ሲጨርስ እኔ ከዳር ሆኜ ‹እህ› ብዬ እስላለሁ። ያን ጊዜ ደስ ያለዎትን ይናገሩ።»

ጅቡ ይህን የመሰለ ምክር ሰምቶ አያውቅም። ታፋውን በመቀመጫው ፊት ከሣሩ ውስጥ ደብቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ይግጥ ጀመር። ጅግራን የተሸከመች ሚዳቋ ገብታ እንደ ውሃ ፈስሳ ወጣች። ቀበሮ ሳለች። «ጭራዋ አጭር ነው፤ አላለፈችም» አለ ጅቡ። ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከዚያ ጦጢትና ዳለቻ ገቡ። ዳኛው ፊት ቆመው እጅ ነሱ። ደንቡ ዳኛው ቀና ብሎ ራሱን ነቅንቆ እንዲመልስላቸው ነው። ጅቡ ግን ከሣሩ ውስጥ አልወጣም፤ የአጥንት መሰበር ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ቁሚ» አለች ጦጢት በሹክሹክታ። «ቀና እስኪል።»

ቆሙ። ዝንብ መጥታ የዳለቻ ዓይን ጥግ ላይ አረፈች፤ ዳለቻ አላራገፈቻትም። ጦጢት የልቧ ምት በልጓሙ በኩል ወደ ዳለቻ እንዳይሄድ እየፈራች ትንፋሿን ለቀቅ ያዝ ታደርጋለች። ዳር ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ቆየት ብሎ ማጉረምረሙም ቆመና ሜዳው ጸጥ አለ። ጸጥታው የከበደው አንበሳ ከተኛበት ራሱን አነሳ።

ቀበሮ ይህን ስታይ ደነገጠች። ጅቡን ቀና ልታደርገው ፈለገች፤ ስሙን እንዳትጠራ ሁሉም ይሰማታል። ሳታስበው «እህ» ብላ ሳለች።

ጅቡ ሳሏን ሲሰማ ሥጋ አፉን ሞልቶት፣ ቀና ሳይል ተናገረ። «ሶምሶማዋ ተንገዳገደ። ወደ ግራ ስትዞር ድንጋይ ረገጠች። የኋሊት አካሄዷማ አያድርስ ነው። አላለፋችሁም።»

ማንም አልሳቀም። ቀበሮ አሁንስ ይገባዋል ብላ ጮክ አድርጋ ደግማ ሳለች።

«ይህኛው ከርከሮ ግን ድንቅ ነው» አለ ጅቡ። «አልፏል።»

ከርከሮው ገና ከሜዳው ውጭ ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ጦጢት ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። «ጌታ ዳኛ፣ እኛ ገና አልተነሳንም። እጅ ነስተን ቀና እስኪሉ ቆመን እየጠበቅን ነው።»

ጅቡ ያን ጊዜ ቀና አለ። አፍንጫው ላይ ጮማ ተለጥፏል። አንበሳው ከዙፋኑ ወርዶ ወደ ሜዳው ገባና አፈሩን አየ። ከመግቢያው እስከ ቆመችበት ድረስ ካለው በቀር የዳለቻ ኮቴ የትም የለም።

«አያ ጅቦ፣ ይህች አህያ ወደ ግራ የዞረችው የት ላይ ነው? አሳየኝ።»

ጅቡ ቀበሮን ፈለጋት። «እኔ ምን ላድርግ? ቀበሮ ሳለች» አለ። «ስስል ጨርሰዋል ማለት ነው ብላኝ ነበር።»

ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ። ከርከሮው ባዶ ኮርቻውን ይዞ ቆሟል፤ ቀበሮ ግን ሣሩን እየሰነጠቀች ርቃ ሄዳለች። ጅቡም ታፋውን አንጠልጥሎ ሊከተላት ሲል አንበሳው «እሱንም እዚያው ተወው፤ ከዛሬ ጀምሮም በሸለቆዬ ዳኛ አይደለህም» አለው። ጅቡ ከሹመቱ ይልቅ ለታፋው እያዘነ ሄደ።

አንበሳው እንደማፈር ብሎ ወደ ጦጢት ዞረ። «በድለናችኋል። ስለዚህ አልፋችኋል፤ ወደ መስኩ ግቡ።»

ዳለቻ መስኩን አየችው። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ጦጢትም ብትሆን ያን ደረቅ ዳገት አልረሳችውም። ጎንበስ ብላ «ምን ትያለሽ?» ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«የመጣነው ልንራመድ ነው» አለች ዳለቻ።

«ንጉሥ ሆይ» አለች ጦጢት፣ «ስላዘኑልን አመሰግናለሁ። ግን የሚያየን ይሰጠንና እንራመድ። ካልበቃን ዳገቱን ለምደነዋል።»

አንበሳው አሮጊቷን ኤሊ አስጠርቶ በዳኛው ቦታ አስቀመጠ። እሷ አንዴ ማየት የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ ዓይኗን አታነሳም። ሚዳቋና ጅግራም ዕድላቸው ተመልሶላቸው እንደገና ገቡ። ከዚያ ዳለቻ እጅ ነሳች፤ ኤሊም አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ አውጥታ፣ ዝግ ብላ እጅ ነሳቻት። ጦጢት ያን ጊዜ ልጓሙን ለቀቅ አደረገች፤ ተነሱም።

ሲጨርሱ ኤሊ አፈሩ ላይ የቀረውን ኮቴ በዓይኗ ተከተለች።

«ሶምሶማችሁ ያማረ ነው» አለች። «ጦጢት፣ ስትዞሪ የግራውን ልጓም ታጠብቂያለሽ፤ ስለዚህ አንገቷ ይጣመማል። የኋሊት ስትሄዱም ቸኩላችኋል። ከዛሬዎቹ ሚዳቋ ትበልጣችኋለች። ቢሆንም አልፋችኋል።»

እንስሳቱ ወደ መስኩ ሲጎርፉ ጦጢት ከዳለቻ ጀርባ ልትወርድ አንድ እግሯን አነሳች። «ግራው ነው አለችን» አለች ፊቷ በርቶ። «ነገ እናላላዋለን።»

«ለምን ነገ?» አለች ዳለቻ። «ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።»

ጦጢት ተመልሳ ተቀመጠች፤ ባዶውንም ሜዳ በግራ በኩል ይዞሩት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራችንን አይቶ ጉድለታችንን የሚነግረንን ዳኛ በደስታ መስማት፣ ሳያይ ለሚፈርድብን ግን ሳንሳደብም ሳንሸሽም «መጀመሪያ ይዩን» ብለን ጸንተን መቆም እንደሚገባን ነው።