የተኛ ሁሉ አልሞተም

አንድ አናጢ ነበር። አልጋ፣ በርና መስኮት የሚሠራ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው ብርቱ ሰው። ስሙን አልጠራም። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ታሪኩን እንድነግራችሁም ፈቅዶልኛል።

ይህ ሰው ማሳል ጀመረ። የእንጨት ብናኝ ነው ብሎ ናቀው። ሳምንት ሳለ፤ ወር ሳለ። እየከሳ ሄደ። አብራው የምትኖር ይመኙሻል የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው፤ ስኳር ያለባት፣ ዝምተኛ ሴት። አንድ ቀን ጠዋት፣ “ሰው በብናኝ እንዲህ አይከሳም፤ ተነስ” ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

አክታው ተመረመረ። የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

መድኃኒቱን የምትሰጠው ሲስተር ውብዓለም አስጠነቀቀችው። “ስድስት ወር ሙሉ ትውጣለህ። በሁለት ወርህ የዳንክ ይመስልሃል፤ ያኔ ነው መጠንቀቅ ያለብህ።”

እንዳለችውም ሆነ። በሁለት ወሩ ሳሉ ጠፋ፤ ፊቱ ሞላ። አክታው ሲታይ ንጹሕ ነው ተባለ።

በዚያው ሰሞን የዚህን የጸሎት ቤት በር ሊያስተካክል መጣና አጠገቤ ቆመ። “መምህር፣ ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። ሥራ ደግሞ በዝቶብኛል። ይህን መድኃኒት ብተወው ምን ይለኛል?”

እኔ ምን አልኩት? የእሑዱን ትምህርት እያዘጋጀሁ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። “እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና መስለሃል” አልኩት።

ተወው።

ከጤና ጣቢያ ሰው ተልኮ ቢመጣ፣ ሥራ ላይ ነኝ እያለ መለሰው። እህቱ ተቆጣችው። “መምህሩም ደህና ነህ ብለውኛል” አላት። ይመኙሻል ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ወገኖቼ፣ እኔን አክብራ ነው ዝም ያለችው።

ስምንት ወር ደህና ሰነበተ። ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። አፍሮ ደበቀው፤ በዚያች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ወራት ሙሉ አፉን እየሸፈነ ሳለ። በመጨረሻ እሷም ማሳል ጀመረች። ሁለቱም ሲመረመሩ በሽታው እሷን አድክሟት ነበር። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ሳምንት ይመኙሻልን ቀበርናት።

ከቀብር በኋላ ሲስተር ውብዓለም ዘንድ ሄድኩ። የሆነ ማምለጫ ፈልጌ ሳይሆን አይቀርም።

“መድኃኒቱን የተላመደ ክፉ ዓይነት ይሆን?” አልኳት።

“አይደለም፣ መምህር። ተመርምሯል። ያው የበፊቱ ነው፤ ያው መድኃኒት ይገድለዋል።”

“ታዲያ ያኔ ጀርሙ እንዴት ተረፈ?”

“ተኝቶ” አለችኝ። “መድኃኒቱ በይበልጥ የሚገድለው የሚሠራውን፣ የሚራባውን ጀርም ነው። ጥቂቶቹ ግን ሥራ አቁመው ያደፍጣሉ፤ በምርመራም አይታዩ ይሆናል። ዘራቸው ከሞቱት የተለየ አይደለም። ሲነቁ መድኃኒቱን ቢያገኙት ይሞቱ ነበር። ስድስት ወር የምንለው እነሱ እስኪነቁ ለመጠበቅ ነው።”

ጠላቱ የበረታ ቢሆን ኖሮ እጽናና ነበር። ግን ያው ደካማ ጠላት ነው። ሲነቃ የሚጠብቀው አላገኘም፤ ይኸው ነው።

አናጢው ያንኑ መድኃኒት እንደገና ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወሰደ፤ ዳነም። በእህቱ ለቅሶ ላይ እስኪወቅሰኝ ስጠብቅ እንዲህ አለኝ፤ “መምህር፣ የጠየቅሁዎት እኮ እንዲከለክሉኝ ነበር።” ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ጸጥ ስላለ ብቻ ሞቷል ያላችሁት ነገር የለም? ከወንድማችሁ ጋር ተጣልታችሁ ነበር። ዛሬ አትሰዳደቡም። ይህ ዕርቅ ነው? ወይስ ቂሙ ተኝቷል? መጠጥ ከተዋችሁ ሁለት ወር ሆኗችኋል። ደስ ይላል። ግን ሲያበረታችሁ የነበረውን ወዳጅ መጠየቅ የተዋችሁት ለምንድን ነው? ክፉ ነገር ከእኛ እንዲበረታ አያስፈልገውም። እስክንዘናጋ መቆየት ይበቃዋል።

ደግሞም ሰው መጥቶ “ልተወው ወይ?” ሲላችሁ፣ እባካችሁ ቀና በሉ። ፊቱን እዩት። እኔ ሳላየው ቀርቼ የሆነውን ሰምታችኋል።

አሁን ምሳሌ አይደለም የምናገረው። ከመካከላችሁ ደህና ነኝ ብሎ የቲቢ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ካለ፣ ከጸሎት በኋላ እዚህ እቆያለሁ። አልቆጣውም። ለማንም አልናገርም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት አብሬው እሄዳለሁ፤ በማግሥቱም እሄዳለሁ፤ ያቺ ሲስተር ይበቃል እስክትል ድረስ እሄዳለሁ።