የአባት እጅ የተቆለፈበት ፊልም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ዘመን፣ ሞጣ ከተማ ውስጥ አለቃ ልሳነወርቅ የሚባሉ መጽሐፍ ደጓሽ ነበሩ። የብራና መጽሐፍ ሲጠርዙ ከሌላ ሰው እጅ የማይገኝ ስፌት ነበራቸው። ለልጆቻቸው ሳያስተምሩት ሞቱ። ስፌቱ የሚታየው ከሃያ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ቀርጾ በዲስክ በተወላቸው ፊልም ብቻ ነበር። ፊልሙ ግን የተቀመጠው አንድ ኩባንያ ለራሱ ብቻ ባወጣው የፋይል አጻጻፍ ነው፤ ያለ ኩባንያው ማጫወቻ አይከፈትም። ኩባንያው ምስጢሩን ለማንም ሳይናገር ከሰመ። ዲስኩን ያየ ባለሙያ ሁሉ «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» ይል ነበር።

በዚህ መካከል አለቃ የጠረዙት የደብሩ ስንክሳር ተፈታ፤ ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር፤ በዚያ ስፌት መልሶ የሚጠርዘው ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ሦስቱ ልጆቻቸው ተነሡ።

ታላቂቱ ትጓደድ የሒሳብ መምህርት ናት። በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት አሳትማ፣ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ሦስት ወር ሙሉ ከቁጥሮቹ አልተነሣችም፤ ጎረቤቱ «አበደች» አላት። በመጨረሻ ወንድሟን ምናሉን ጠራችው።

«እየው፣ ይህ ምልክት ይደጋገማል። አንድ ትልቅ የቁጥር ክምር፣ ከዚያ አሥራ አራት ትንንሽ። ትልቁ ሙሉ ሥዕል ነው፤ ትንንሾቹ የተንቀሳቀሰውን ብቻ ይናገራሉ። ፊልሙ አልተበላሸም፤ እኛ ነን ማንበብ ያቃተን።»

ምናሉ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። ይህን ሲሰማ ሥራውን ለቀቀ። የኩባንያውን ማጫወቻ ከተጣለ ኮምፒውተር ውስጥ ፈልጎ አገኘ። አልነሣ ቢለው፣ በውስጡ ለማሽኑ የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየተከተለ፣ የታመቀው ቁጥር እንዴት እንደሚፈታ ደረሰበት፤ የራሱንም ማጫወቻ ጻፈ። ሲከፍቱት የአባታቸው ፊት ብቅ አለ፤ ወዲያው ግን ተቆራርጦ ተዘበራረቀ። እናታቸው ወይዘሮ አንጓች «አጥፉልኝ!» ብለው ወጡ። ምናሉ ከዚያ ወዲያ መላ አጣ።

ታናሹ ዋሴ የአባቱን ሙያ የያዘ ነው፤ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። የተዘበራረቀውን ሥዕል ግን ቀን ከቀን ይመለከተው ነበር።

«ጋሼ፣ አባባ መርፌውን ወደ ራሳቸው ነበር የሚስቡት» አለ አንድ ጠዋት። «እዚህ ላይ ቁርጥራጩ ከእሳቸው ይሸሻል። ሁሉም ተቃራኒውን እየሄደ ነው።»

ምናሉ ግንባሩን መታ። አቅጣጫ የሚነግረውን ቁጥር ገለበጠው፤ ፊልሙ ጠራ።

አለቃ ልሳነወርቅ ክሩን ጠበቅ አድርገው፣ ቀና ብለው ሳቁ። ወይዘሮ አንጓች ቀርበው ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ዋሴ ከፊልሙ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እየሰፋ እየፈታ ስፌቱን ተማረ፤ ስንክሳሩም ተጠርዞ ወደ ደብሩ ተመለሰ።

ያን ዕለት እናትየው ከሣጥናቸው የአለቃን ወስፌ አወጡ፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት የጎደጎደ ነው።

«እጃቸውን ለመለሰልኝ ይሁን» አሉ። «ማን ነው?»

«እትዬ ናት» አለ ምናሉ። «እሷ ባታምን ዲስኩ ተጥሎ ነበር።»

«እንጀራውን የተወው ማን ሆነና?» አለች ትጓደድ።

ዋሴ ቀና ሳይል የተረፈውን ክር ይጠቀልል ጀመር። በወስፌው የሚሠራው እሱ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

እናትየው ሦስቱንም እያዩ ወስፌውን እንደያዙ ቀሩ። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡት ነበር?