በጋሪው ጀርባ የማን ስም ይጻፍ?

በአንድ ወቅት፣ ባጃጅ ገና አንድ ሁለት እያለ ሲገባ፣ ሰውም እህልም በፈረስ ጋሪ በሚጓጓዝባት ከተማ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ። ኑርሁሴን አናጢ ነው፤ የጋሪውን ሣጥንና ፈረሱ በመካከላቸው የሚቆምባቸውን ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ይሠራል። ወርዶፋ በያጅ ነው፤ እንጨቱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብረት ሁሉ የእሱ ነው። እታፈራሁ የፈረስ ዕቃ ሰፊ ናት፤ ጠፍሩም ልጓሙም ከእሷ ቤት ይወጣል። ጋሪ ነጂው ከሦስቱም እየዞረ ገዝቶ ራሱ ይገጣጥማል። እነሱ ግን አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። «ድር ቢያብር» ብላችሁ እንዳትጀምሩብኝ! ተረቱን እነሱም ያውቁት ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ!

በዚያ ከተማ ደግሞ አንድ ደንብ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ቤት በመሥራቹ ክንድ ልክ የተቆረጠ መለኪያ ዱላ አለው። ዱላው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ ለባዕድ አይታይም። የኑርሁሴን አባት ቁመታቸው ከበር የማያሳልፍ ሰው ነበሩ፤ የወርዶፋ አያት ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በርጩማ ላይ ካልቆሙ አይታዩም። እስቲ አስቡት! እንጨቱ በረጅሙ ክንድ ተለክቶ፣ ብረቱ በአጭሩ ክንድ ተለክቶ እንዴት ይግጠም? ነጂው ክፍተቱን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይሞላዋል። ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ፈረሱ ይቆስላል፣ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ይገለበጣል። አናጢው «ብረቱ ነው» ይላል፤ በያጁ «ጠፍሩ ነው» ይላል፤ ሰፊዋ «እንጨቱ ነው» ትላለች።

አንድ የገበያ ቀን ጋሪ ተገልብጦ የአንዲት ነፍሰ ጡር እግር ተሰበረ። የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ድንቁ ሦስቱንም ጠርቶ፣ «እስከ መስከረም ፈረስ የማያቆስል፣ ሰው የማይጥል ጋሪ ካመጣችሁ አርባ እናዛለን። ካላመጣችሁ አባሎቼ ፈረሳቸውን ሸጠው ባጃጅ ይይዛሉ» አላቸው። ጋሪ ከቀረ የሦስቱም ሙያ አብሮ ቀረ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተነሣችው እታፈራሁ ናት። ሱቋን ዘግታ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ወርዳ የስድሳ ሦስት ፈረሶችን ትከሻ በእጇ ዳበሰች። አንዱ ረገጣት፤ እሷም ዘር ማንዘሩን ሰደበችው። ቁስሉ ሁሉ የግራ ትከሻ ላይ ነው። «ጠፍር ብቻ ቢሆን ሁለቱንም ጎን ይበላ ነበር፤ ጋሪው ተጣሞ ነው» አለች። ነገር ግን የራሷም ጠፍር ጠባብ ሆኖ ቁስሉን እንደሚያብስ አየች። በጋውን ሙሉ የሰፋችውን ሠላሳ ጠፍር በመቀስ ቆራረጠችና ሰፋ አድርጋ እንደገና ጀመረች። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአናጢውን ደጅ ረገጠች።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ የእኔን ጥፋት አግኝቼ መጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ያንተን እንፈልግ።»

ኑርሁሴን ተቆጣ፤ ተቀመጪ እንኳ አላላትም። ሦስት ቀን አኩርፎ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን የአባቱን ዱላ ከጣራ ሥር አውርዶ፣ ሰው ሁሉ እያየው በመንገዱ መሐል ይዞት ሄደና ወርዶፋ ፊት አጋደመው።

«ያንተንም አውጣው።»

ወርዶፋ እየፈራ አወጣው። ልዩነታቸው አራት ጣት ሆነ። «ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት ቤቶቻችን የተነታረኩት በአራት ጣት ነው?» አለ ኑርሁሴን። ለሁሉም የሚሆን አዲስ ዱላ ቆርጦ፣ የፈለገ ልኩን እንዲወስድ ደጁ ላይ በገመድ አንጠለጠለው። በወሩ ሌሎች አምስት አናጢዎች የእሱን እንጨት በእሱ ልክ ይሠሩ ጀመር፤ የቆዩ ደንበኞቹም ወደነሱ ሄዱ። ሚስቱ «ሙያህን በገመድ ሰቀልከው!» ብላ አለቀሰች። እሱም ከፍቶት ነበር፤ ዱላውን ግን አላወረደም። እውነቱን ለመናገር አርባ ጋሪ ለአንድ አናጢ የሚሞከር አልነበረም።

ጋሪው አሁን ገጠመ፤ ፈረሱም ዳነ። ቁልቁለት ላይ ግን አሁንም ይዘላል። ይሄኔ ወርዶፋ ሌላ ሥራውን ሁሉ ትቶ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ያንን ንዝረት የሚችለውን ተለማጭ ብረት፣ ፈትቶ ከጋሪው ሥር አሰረ። የመጀመሪያው ደርቆ አልለመጥ አለ። ሁለተኛው ተሰበረና ወርዶፋን አሽቀንጥሮ ትከሻውን ሰበረው። ሦስተኛውን የሚሞክር ነጂ ጠፋ። ወርዶፋ ክንዱን በሻሽ አንጠልጥሎ፣ አምስት ኩንታል አሸዋ አስጭኖ ራሱ ወጣ።

«አንተ ልጅ፣ እናትህን አታስለቅስ፣ ውረድ!» አለችው እታፈራሁ።

«እትዬ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ብወድቅም እኔው ልውደቅ።»

ቁልቁለቱን ወረደ። ታች ሲደርስ ፈረሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሣር መንጨት ጀመረ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አለቀስኩ።

አቶ ድንቁ እዚያው አርባውን አዘዘ፤ መስከረም ሲጠባም ጋሪዎቹ ተሠርተው ተሰለፉ። ከሌሎች ከተሞችም ጋሪ ለማዘዝ የሚፈልጉ ሰዎች መጡ። አቶ ድንቁ ሠዓሊ ይዞ መጥቶ፣ «በጋሪው ጀርባ የሠሪው ስም ይጻፋል። ስሙ የተጻፈው ሰው ትእዛዝ ይቀበላል፣ ለሌሎቹ ቤቶች ሥራ ያካፍላል፣ የተበላሸ ሥራ ይመልሳል፤ አዲስ ዘዴ ሲመጣም የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው» አለ።

«ሦስታችንንም ጻፈን» አለ ኑርሁሴን።

«ሦስት ስም ካለ ጋሪ በተገለበጠ ቁጥር እንደ ድሮው ጣት ትቀሳሰራላችሁ። አንድ ስም!»

«እኔ ባላየው ኖሮ እስካሁን ትካሰሱ ነበር» አለች እታፈራሁ።

«እኔ ዱላዬን ባላወጣ አንድ ጋሪ አይገጥምላችሁም ነበር። ገበያዬንም ያጣሁት በዚያ ነው» አለ ኑርሁሴን።

«አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣» አለ ወርዶፋ፣ «የታየውም የተለካውም ጋሪ ይገለበጥ ነበር። ያቆመው የእኔ ብረት ነው።»

አቶ ድንቁ እጁን አነሣ። «አንድ ነገር ልጨምር። ነገ ጋሪው ሰው ቢሰብር፣ ማንም ያጥፋ ማን፣ ከሳሽ የሚመጣው ስሙ ወደተጻፈው ሰው ደጅ ነው።»

እኔ «አሁን ይሸሻሉ፣ ታያለህ» ብዬ ለጎረቤቴ ሹክ አልኩት። የት አባቴ ልግባ! ሦስቱም እኩል አፋቸውን ከፈቱ።

«የእኔን ጻፍ!»

እንግዲህ ፍረዱ። «ሁሉም ይገባቸዋል» የሚል ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ይሂድልኝ፤ ያንንማ እኔም አላጣሁትም። ሠዓሊው ቀለሙን ነክሮ ቆሟል። ጥፋትን ከራሷ የጀመረችው እታፈራሁ ናት፣ ምስጢሩን ለተፎካካሪዎቹ የሰጠው ኑርሁሴን ነው፣ ወይስ በራሱ አጥንት የሞከረው ወርዶፋ? ክብሩም ዕዳውም የሚገባው ለማን ነው?