እትዬ ኤሊ አሸዋ ሰፈርን ሲቆጥሩ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ያላችሁ ተሸወዳችሁ፤ የዛሬው የዓሣ ሰፈር ነው።

ከባሕሩ ጠርዝ፣ ጥልቅ ባልሆነው ውሃ ውስጥ፣ ድንጋይ ሰፈር፣ ሣር ሰፈርና አሸዋ ሰፈር ነበሩ። አንድ ቀን ሻርክ «ነዋሪ የሌለበትን ሰፈር እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ነዋሪውን እንዲቆጥሩ እትዬ ኤሊ ተላኩ።

ድንጋይ ሰፈር ዓሣው ሁሉ እየተጋፋ «እኔን ይቁጠሩኝ» አላቸው። ሣር ሰፈርም ትንንሾቹ ከሣሩ መሃል ብቅ ብቅ አሉ። አሸዋ ሰፈር ግን ጭር ብሏል። የዚያ ሰፈር ልጆች እንግዳ ሲመጣ አሸዋ ተከናንበው መተኛት ነው ልማዳቸው።

«እዚህስ ማንም የለም» አሉ እትዬ ኤሊ።

ፈሪው ሸርጣን ከአሸዋው ሥር «ዝም በይ፣ አሁን ይሄዳሉ» ብሎ ለጠፍጣፋዋ ዓሣ አንሾካሾከ።

«አዎ፣ ሄደው ባዶ ነው ይላሉ፤ ከዚያ ሻርክ ይመጣልሃል» አለችው።

ይቺ ደግሞ ነገር ሳትቆሰቁስ ውላ አታድርም። በጅራቷ ጫፍ የእትዬ ኤሊን ሆድ ኮረኮረችው።

እትዬ ኤሊ በሳቅ ተንፈራፈሩ። አራት እግራቸው አሸዋውን ሲያምሰው ሸርጣኑም፣ ሽሪምፑም፣ የጠፍጣፋዋ ዘመድ አዝማድም እያስነጠሱ ወጡ።

«ለካ ሰው ጣሪያ ላይ ነው የቆምኩት። ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«‹ቤቶች› ሳይሉ ማን ይከፍታል፣ እትዬ?» አለች ጠፍጣፋዋ።

ባዶ ሰፈር ያጣው ሻርክም ሌላ አገር ፈለገ። እትዬ ኤሊ ከዚያ ወዲህ አሸዋ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው «ቤቶች» ይላሉ፤ ሆዳቸውን ሸፈን አድርገው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። «ዳቦ የለም» ካላችሁኝ አሸዋውን እገልጣለሁ።