አልወልቅም ያለው ቡትስ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የዛሬው ባለታሪክ ራሱ ጥያቄ አያልቅበትም።

ዊልፍሬድ የሚባል ወጣት የእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ነበር። ጦሩ በፈረንሳይ አገር ሲያፈገፍግ እሱም ሲያፈገፍግ ከረመና የባሕሩ ዳርቻ ላይ መሬት አለቀችበት። ከኋላው ጠላት፣ ከላዩ አውሮፕላን፣ ከፊቱ ውኃ። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ እናቱ በሹራብ ክር ሠርታ የላከችለት ሻርፕ ተጠምጥሟል። ሻርፑ ከመርዘሙ የተነሣ ጓደኞቹ «እናትህ ቀጭኔ መስለሃት ነው?» ይሉት ነበር። እሱ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገሩ መግባት።

አንዲት ትንሽ ጀልባ ግማሽ ጎኗን አሸዋ ላይ አሳርፋለች። ባለቤቷ ሚስተር ፔንሮዝ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይጫኑኝ።»

«በዚያ ቡትስ? አልጭንም!»

«ለምን?»

«ሶሉ ሚስማር ነው፣ የጀልባዬ ወለል ደግሞ ስስ ነው። ከበሳኸው ሁላችንም የዓሣ ቀለብ ነን። አውልቅና ና። ባሕሩ ሞልቶ ጀልባዬን ከአሸዋው ሲያነሣት ግን እሄዳለሁ፤ ተመልሼም አልመጣም።»

ዊልፍሬድ ቡትሱን ሳበ። ቡትሱ «አልወልቅም» አለ። ቡትስ ይናገራል እንዴ? ይህን ሁሉ መንገድ ሳይወልቅ የመጣ ቡትስ ይናገራል።

«ለምን?»

«ክሩ ካልፈታኝ!»

ክሩን ጎተተ። ክሩም «ጨው ውኃ ጠጥቼ አብጫለሁ፤ ቢላዋ ካልቆረጠኝ ንቅንቅ አልልም» አለ።

ክሩ ቡትሱን አልፈታ አለ፤ ቡትሱ እግሩን አለቅ አለ፤ ባለጀልባው ዊልፍሬድን አልጭን አሉ። ባሕሩም ይሞላል።

ቢላዋ ያለው የጦሩ ወጥ ሠሪ ክላረንስ ነው።

«ቢላዋህን አውሰኝ።»

«ሻይ ሳልጠጣ? ከነጋ አልቀመስኩም! እንኳን ቢላዋ፣ ሰላምታም አልሰጥም!»

እንግሊዞች እንዲህ ናቸው፤ ሰማይ ሊወድቅ ቢል እንኳ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣል።

«ታዲያ ለምን አታፈላም?»

በራዱ ቀደመና «ባዶ ሆዴን አላፈላም!» አለ።

በራዱ ሻይ አላፈላ አለ፤ ክላረንስ ቢላዋ አልሰጥ አለ፤ ቢላዋው ክሩን አልቆርጥ አለ፤ ክሩ ቡትሱን አልፈታ አለ፤ ቡትሱ እግሩን አለቅ አለ፤ ባለጀልባው ዊልፍሬድን አልጭን አሉ። ባሕሩም ይሞላል።

ዊልፍሬድ በራዱን ይዞ ከአሸዋው ጀርባ ወዳለች ቤት ሮጠ። ማዳም ኦዲል የሚባሉ አሮጊት የጉድጓዳቸው አፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ማዳም፣ ትንሽ ውኃ።»

«ጉድጓዱ አልሰጥም ብሏል፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ገመዱ ተበጠሰ፤ ባልዲው ውኃው ጋ አይደርስም። ወታደሩ ሁሉ ይመጣል፣ ይህንኑ ሰምቶ ይመለሳል።»

ገመዱ ባልዲውን አላደርስ አለ፤ ጉድጓዱ ውኃ አልሰጥ አለ፤ በራዱ ሻይ አላፈላ አለ፤ ክላረንስ ቢላዋ አልሰጥ አለ፤ ቢላዋው ክሩን አልቆርጥ አለ፤ ክሩ ቡትሱን አልፈታ አለ፤ ቡትሱ እግሩን አለቅ አለ፤ ባለጀልባው ዊልፍሬድን አልጭን አሉ። ባሕሩም ሊሞላ ነው።

ዊልፍሬድ ግን አልተመለሰም። «ምን ያህል ጎደለው?» አለ። ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማዳም ኦዲል ክንዳቸውን ዘረጉ፤ አነሰ። ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ አዩትና «አንተን ያህል» አሉት።

አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ሁለቱም አጎነበሱ። ከዚያ ዊልፍሬድ ሻርፑን ፈትቶ ገመዱ ላይ ቋጠረው። ባልዲው ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ጯ!

«ሻርፕህስ?» አሉት፣ በራዱን ሞልቶ ሲነሣ።

«ይቆይ፤ ከኋላዬ የተጠማ ብዙ ነው።»

ሻርፑ ገመዱን አስረዘመ፤ ገመዱ ባልዲውን አደረሰ፤ ጉድጓዱ ውኃ ሰጠ፤ በራዱ ሻይ አፈላ፤ ክላረንስ ቢላዋ ሰጠ፤ ቢላዋው ክሩን ቆረጠ፤ ክሩ ቡትሱን ፈታ፤ ቡትሱ ቆዳውን ልጦ እግሩን ለቀቀ፤ ባለጀልባውም «በል ግባ!» አሉ። ባሕሩ ሞላ።

እናቱ በባዶ እግሩ ደጃፏ ላይ ስታየው አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ አንገቱን አየች።

«ሻርፑስ?»

«ፈረንሳይ አገር ውኃ እየቀዳ ነው፣ እማዬ። ግን ለምን ያን ያህል አስረዘምሽው?»

ጥያቄ አያልቅበትም ብያችኋለሁ።

«ያኔ ወሬህ ጠፍቶ ነበር» አለችው። «ሻርፑን መሥራት ከተውኩ አንድ ነገር የምትሆን መሰለኝ፤ እጄ አላቆምም አለኝ።»

ተረቴ እዚህ ላይ ተቋጠረ፤ የተጠማ ይቅዳበት።