የፈረቃ ጫማ

በአንድ ወቅት፣ ያለ ጫማ የመጣ ተማሪ ከበር በሚመለስበት አንድ ከተማ፣ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ብቻ ያላቸው ሦስት ልጆች ነበሩ። ታላቋ ጌጤነሽ ጠዋት ትማራለች፤ ወንድሟ ውብአንተ ከሰዓት። እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ዳር ይገናኙና ጫማው እግር ይቀይራል። ምስኪን ጫማ፣ የምሳ እረፍት እንኳ የለውም! ትንሿ እንጉዳይ ግን ፈረቃ ስላልተረፈላት ቤት ትውላለች።

ጫማውን የገዛችው ጌጤነሽ ናት። ክረምቱን ሙሉ ለግንበኞች ውሃ ስትቀዳ ከረመች። ባገኘችው ገንዘብ ቀሚስ ልትገዛ አስባ ነበር፤ ገበያ ስትደርስ ወንድሟ ትዝ አላትና ለሁለቱም የሚሆን ጫማ ይዛ ተመለሰች።

ጥር ላይ የጫማው ጎን ተተረተረ። እናታቸው "በቃ፣ አበቃለት" አለች። ውብአንተ ግን ቢላዋ በከሰል አግሎ፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ አጣበቀው። ጣቱ ተቃጠለ፤ ጫማው ዳነ። ሳምንቱን ሙሉ ሲጎርርበት ሰነበተ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ሲቀያየሩ ጎርፍ የጫማውን አንዱን እግር ነጠቃቸው። ሁለቱ "ወይኔ!" እያሉ ሲጯጯሁ፣ አብራ የመጣችው እንጉዳይ በወንዙ ዳር ሮጣ ጫማውን ቀደመችውና ውሃው ውስጥ ገብታ ያዘችው። ጭቃ በጭቃ ሆና እየሳቀች ወጣች። ያንን ጫማ እኮ አንድ ቀን እንኳ አድርጋው አታውቅም!

መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደርብ አዲስ ጫማ ይዘው ከች አሉ።

"ያ ጫማችሁ በቀን ሁለቴ ይገባል፤ አርፍዶ ግን አያውቅም" አሉ እየሳቁ። "ይሄ ይጨመርላችሁና ትንሿም ትማር።"

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ወዲያው ግን ክርክር ተነሳ። አሮጌውን ሁለት ልጆች በፈረቃ ያደርጉታል፤ አዲሱ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። የራሱ ጫማ ያለው ልጅ ደግሞ በጊዜ ገብቶ፣ ከደወልም በኋላ ቀርቶ እስኪበቃው ይጫወታል። ባለፈረቃዎቹ ግን አንዱ ጫማ ለማድረስ ይሮጣል፣ አንዱ መንገድ መንገዱን ያያል። ልኩስ አትበሉኝ፤ ከሰፋ ጨርቅ ይጎሰጎሳል።

"እኔ ባልገዛው ኖሮ?" አለች ጌጤነሽ።

"እኔ ባልጠግነውስ?" አለ ውብአንተ።

"እኔ ባልይዘውስ?" አለች እንጉዳይ።

እናታቸው አዲሱን ጫማ እንዳቀፈች ሦስቱንም አየቻቸው። ሳቋ መጣ።

"ሦስታችሁንም ወልጄ እንዴት ልምረጥ? ሰው ይፍረድ!" አለች።

ትምህርት የሚከፈተው ነገ ነው። እስቲ ፍረዱ፤ አዲሱ ጫማ ለማን ይገባል? ማን ይጫወት፣ እነማንስ ይሩጡ?